የአሥራ አንድ ሰፊዎች አንድ የይለፍ ቃል

የጋሽ ሜትሮ የእህት ልጅ ያን ዕለት ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መተላለፊያ የመጣችው አጎቷን ልትመክር አልነበረም። የቦርሳዋ ዚፕ መንገድ ላይ ተበጥሶባት፣ ወረቀቶቿን በብብቷ አቅፋ የምትገባበት ሲጠፋት፣ አጎቷ እዚያው አካባቢ ካለ አሮጌ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደሚሠሩ ትዝ ብሏት ነው ደረጃውን የወጣችው። እግረ መንገዷን ዚፑን አስጠግና ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ።

አጎቷን ደረጃው ራስ ላይ አገኘቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው ይዘው፣ አንድ ነገር እያነበቡ ብቻቸውን ይስቃሉ። ሰውየውን ሁሉም ጋሽ ሜትሮ ነው የሚላቸው። የልብስ መለኪያው ሜትሮ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሐኪም ቤት የተኙ ጊዜ እንኳ ነርሷ ናት ተቆጥታ ያወለቀችላቸው።

«ምን አገኙ ጋሼ፣ እንዲህ የሚያስቅ?» አለች።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ የተማርሽው። ይኸው ለአራተኛ ጊዜ ጻፉልኝ። የኢሜይል ድርጅቱ ነው። ‹ሌቦች ገብተው መረጃ ወስደውብናል፤ እባክዎ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ› ይላል። የተዘረፈው እሱ፣ ቁልፍ ቀይር የምባለው እኔ!»

የእህታቸው ልጅ ግን አልሳቀችም። በአንድ የመድን ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስለምትሠራ፣ ይህ ደብዳቤ ለእሷም ደርሷታል፤ ያን ሳምንት በዚሁ ጉዳይ ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ ሳትበላ የዋለችበት ቀን ነበር።

«ታዲያ ቀየሩት?»

«ለምን ብዬ? ግቢ፣ ዚፕሽን አምጪው።»

የጋሽ ሜትሮ ሱቅ ሁለት እርምጃ ተኩል ስፋት ያላት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናው፣ መሀል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የተሰቀለለት መለኪያ ቦታ፣ ከጎኑ ደግሞ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት አለ። በሯ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከመተላለፊያው ማዶ ሸሚዝ የሚሰፋው ጎረቤታቸው፣ ኮሌታ የሚሉት፣ ከራሱ ወንበር ሳይነሳ የእሳቸውን ወሬ ይሰማል፤ አስተያየትም ይሰጣል።

ስለ ጋሽ ሜትሮ አንድ ነገር አስቀድሞ መናገር ይገባል። ሰውየው በሠላሳ አራት ዓመት ሥራቸው የአንዱን ልክ ለሌላው ተናግረው አያውቁም። ለሚስቱ ቀሚስ በድብቅ ሊያሰፋ የመጣን ባል፣ ወገቧን እንዲነግሩት ቢለምናቸው፣ «እሷን ጠይቃት» ብለው ያለ ሥራ መልሰውታል። ሰው ልብሱን አውልቆ ፊታቸው ሲቆም የሚያዩትን ሁሉ እንደ አደራ ነው የሚቆጥሩት፤ በዚህም ይኮራሉ፤ ኩራታቸውም ተገቢ ነው።

የደንበኛውን ልክ፣ ስምና ስልክ የሚጽፉበት ደብተር ከአራት ዓመት በፊት ጣሪያው አፍስሶ ራሰባቸው። ያን ጊዜ ታች ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ መላ ዘየደ። ለመተላለፊያው ሰፊዎች ሁሉ፣ ለአሥራ አንዱም፣ በአንድ ቀን ከሰዓት ኢሜይል ከፈተላቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሜትሮ እያንዳንዱን የደብተር ገጽ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ወደ ራሳቸው ይልካሉ፤ ደብተሩ ቢርስ እንኳ ልኩ አይጠፋም።

የእህታቸው ልጅ ዚፑ እስኪሰፋ ፀጉሯን ለማስተካከል መስታወቱን ወደ ብርሃኑ ሳብ ስታደርገው፣ ከጀርባው በሰማያዊ የጨርቅ ጠመኔ የተጻፈ ነገር አየች። መቀስ የሚለው ቃል በላቲን ፊደል፣ ከኋላው አሥራ አንድ ቁጥር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፓስወርዱ ነዋ።»

«እንዴ! እዚህ ላይ ይጻፋል? ቆይ፣ አሥራ አንድ ምንድን ነው?»

«እኛ ነና። የሁላችንም ፓስወርድ አንድ ነው።»

ልጅቷ ለደንበኛ የተቀመጠችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። «አሥራ አንዳችሁም?»

«አሥራ አንዳችንም። በየመስታወቱ ጀርባ አለልሽ።»

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና ልንገርዎ። ሌቦቹ ከወሰዱት ዝርዝር ውስጥ የአንዳችሁን ፓስወርድ ካገኙ የአሥራ አንዳችሁንም አገኙ ማለት ነው። እርስዎ ደግሞ፣ እንደማውቅዎት፣ ባንኩም ስልኩም ላይ የሚጠቀሙት ይህንኑ ይሆናል።»

ጋሽ ሜትሮ መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥተው ክር እያስገቡ፣ «ስንቱን በቃሌ ልያዝ ታዲያ?» አሉ።

«ፓስወርዱ ሌላ ቢሆን እንኳ፣ ‹ረሳሁት› ሲሉ አዲሱን የሚልኩልዎት በኢሜይል ነው። ኢሜይሉን የያዘ ሌላውን ሁሉ ይከፍታል።»

«እኔ ምን አለኝ ልጄ? ወገብና ዳሌ ነው ያለኝ። ሌባው የሰው ዳሌ ምን ያደርግለታል? ደግሞ ስሚኝ፤ የኩላሊት ጠጠር አስወጥቼ ሃያ ስድስት ቀን ስተኛ ሥራዬን የጨረሰልኝ ማን ነው? ኮሌታ ነው! ኢሜይሌን ከፍቶ፣ ልኩን አይቶ፣ ሰባት ልብስ ሰፍቶ በስሜ አስረከበልኝ። አንድ ደንበኛ አላጣሁም። ፓስወርዳችን አንድ ባይሆን ምን ይውጠኝ ነበር?»

ከማዶ የኮሌታ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ጎረቤታችሁን አትመኑ ነው የምትለን?»

«እንደዚያ አላልኩም» አለች ልጅቷ። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ስለ ሕመሙ ያሉት ግን እውነት ነው። ለእሱ አሁን መልስ የለኝም» አለች።

«የለሽማ!» አሉ ጋሽ ሜትሮ ደስ ብሏቸው። «ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ተሰብስበን ተመካክረናል። ማንም አይቀይርም ብለናል። ሌባ ገባ ተብሎ የኖርንበትን መተማመን አናፈርስም። በሬን ከፍቼ ነው የኖርኩት፤ ከፍቼ እኖራለሁ።»

ፊታቸው ላይ የነበረው እልክ ለልጅ እንኳ የሚበዛ ነበር። የእህታቸውን ልጅም ዚፑን ሰፍተውላት፣ ግንባሯን ስመው ሊያሰናብቷት ሲሉ፣ ደረጃው ላይ ጋሽ ሜትሮ በድምፁ የሚያውቁት ኮቴ ተሰማ።

የመጡት በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጋሽ ሜትሮ ሌላ ሰፊ ዘንድ ልብስ አሰፍተው አያውቁም። ሌላ ጊዜ ሲገቡ ስለ ጨርቅ ይቀልዳሉ። አሁን ግን ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ መቀሱ አጠገብ አስቀመጡት።

«ጋሽ ሜትሮ፣ ይህን ያንብቡና እውነቱን ይንገሩኝ።»

መልእክቱ አጭር ነበር። «ቀኝ ትከሻሽ ከግራው ሦስት ጣት ዝቅ እንደሚልና በስፖንጅ እንደምትሞዪው እናውቃለን። ተማሪውና ወላጁ ሁሉ ዛሬውኑ እንዲሰማ ካልፈለግሽ ከታች ያለውን ተጭነሽ የትምህርት ቤቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃሉን አስገቢ» ይላል።

ጋሽ ሜትሮ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ደግመው አነበቡት። ‹ቀኝ ትከሻ ሦስት ጣት ዝቅ፤ በስፖንጅ ይሞላ› የሚለው የራሳቸው ጽሑፍ ነው፤ ከደብተራቸው ቃል በቃል።

«ይህን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው» አሉ ርዕሰ መምህርቷ። «አንዷ እኔ ነኝ።»

ማዶ የኮሌታ መኪና መስፋት አቁሟል። ጋሽ ሜትሮ ተነሡና በሩን ዘጉት። ያች በር በሥራ ሰዓት ስትዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ማጠፊያዋ ዝጎ ስለነበር በትከሻ መግፋት አስፈለጋቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች የእህታቸው ልጅ ብድግ ብላ፣ «ተጭነውታል?»

«አልተጫንኩም። ከቁርስ ሰዓት ጀምሮ ግን ጣቴ ሁለት ጊዜ ደርሶ ተመልሷል።»

«እንኳን አልተጫኑ። እነዚህ ሰዎች ስለ ትከሻዎ ጉዳያቸው አይደለም። የሚፈልጉት የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ነው፤ እዚያ ውስጥ የልጆቹ ሁሉ ስም፣ የወላጆቹ ስልክ፣ የቤታቸው አድራሻ አለ። ትከሻዎን ያነሡት እንዲደነግጡና ሳያስቡ እንዲጫኑ ነው። መልስ አይስጧቸው፤ መልእክቱንም አያጥፉት። ለማስረጃ ይያዙትና ለፖሊስም ለትምህርት ቤቱ ቦርድም ያሳዩ። ጥፋቱ ደግሞ የጋሼ አይደለም፤ የኢሜይል ድርጅቱ ነው የተዘረፈው፤ እና...»

«ተዪ ልጄ» አሉ ጋሽ ሜትሮ።

ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ሰበብ ከእጃቸው ላይ ተቀምጦላቸዋል፤ አንሥተው ቢጠቀሙበት ማንም አይፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ሰበብ የሚወዱ ሰው አልነበሩም።

«ድርጅቱ እሳቸውን አልለካም። የለካሁት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ጻፉልኝ፤ አራት ጊዜ ሳቅሁ። ምን አለኝ፣ ወገብና ዳሌ ነው ያለኝ አልኩሽ አይደል? ተሳስቼ ነው። ወገቡም ዳሌውም የእኔ አይደለም፤ የሰዎቹ ነው። የእኔ ያልሆነውን ነው ደጅ ያሳደርኩት።» ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ዞረው፣ «ከአፌ አልወጣም፤ ከእጄ ግን ወጥቷል። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ገና ምንም ሳላስተካክል» አሉ።

መስታወቱን አዙረው ጠመኔውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። እጅጌያቸው ሰማያዊ ሆነ።

ርዕሰ መምህርቷ ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። እንዲህም አሉ። «ልጅ ሆኜ ‹ሚዛን› ይሉኝ ነበር፤ አንዱ ጎኔ ስለሚያዘነብል። ያን ጊዜ አለቅስ ነበር። ዛሬ ስድስት መቶ ልጅ ፊት በየማለዳው የምቆም ሴት ነኝ። ፊታቸውን ለማላውቃቸው ሌቦች የስድስት መቶ ልጆችን በር አልከፍትም። ይናገሩ! ወላጆቹን እኔው ቀድሜ ሰብስቤ፣ ሌቦች እያስፈራሩኝ ነው፣ በትምህርት ቤቱ ስም የሚመጣላችሁን ነገር አትጫኑ እላቸዋለሁ። ትከሻዬን ግን ለማን እንደምነግር እኔ አውቃለሁ።»

«የጀመርነው ቀሚስስ?» አሉ ጋሽ ሜትሮ፣ ጨርቁን ከመደርደሪያ ሳያወርዱ።

«ስለሱ አስብበታለሁ» ብለው ወጡ። ጋሽ ሜትሮን ከመልእክቱ ይልቅ የጎዳቻቸው ይህች ቃል ነበረች። ያን ዕለት ሌላ ልብስ አልቆረጡም።

በማግስቱ ሰፊዎቹ ደረጃው ላይ ተሰበሰቡ። ባለፈው ሳምንት ‹አንቀይርም› ብለው ሲያስጨበጭቡ የነበሩት ጋሽ ሜትሮ ‹እንቀይራለን› ብለው ሲነሡ ጉርምርምታው ሌላ ነበር። የእህታቸው ልጅ የምሳ ሰዓቷን ሰጥታ ከጎናቸው ቆማለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ቃሉን ሲያጥፍ የማይወዱ» አለ ኮሌታ፣ «አንዲት ደንበኛ ተቆጣች ብለው ነው?»

«አንዲት አይደለችም። አንተ ስንት ደንበኛ አለህ? የሁሉንም አንገት ለክተህ ጽፈሃል። የማን አንገት ላይ ጠባሳ እንዳለ፣ ማን ኮሌታውን ከፍ አድርግልኝ እንዳለህ አልጻፍክም?»

«ጽፌያለሁ» አለ ኮሌታ። «ብንታመምስ ታዲያ? እርስዎ ሲተኙ እኔ ባልከፍተው ኖሮ? ልጅቷ ራሷ ለዚህ መልስ የለኝም ብላለች።»

«የእሷ ሥራ ስላልሆነ ነው። የእኛ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ሜትሮ፣ ከኪሳቸው አንድ ፖስታ አውጥተው። ፖስታው በሙጫ አልታሸገም፤ አፉ ዙሪያውን በቀይ ክር፣ በጋሽ ሜትሮ ደቃቅ እጅ ተሰፍቷል። «የእኔ አዲሱ ፓስወርድ እዚህ ውስጥ ነው። ይኸው፣ አንተ ያዘው፤ ሣጥንህ ውስጥ ቆልፍበት። ከታመምኩ ክሩን በጥሰህ ትከፍታለህ። ካልታመምኩና ከከፈትከው ግን መልሰህ ብትሰፋው እንኳ አውቅሃለሁ። የአንተን እጅ ከእኔ እጅ የማልለይ ይመስልሃል?»

ሰፊዎቹ ሳቁ። ፖስታው ከእጅ እጅ እየዞረ ስፌቱን በጥፍራቸው እየዳሰሱ አዩት። አንዱ ሰው የሌላውን ስፌት ጨለማ ውስጥ በጣቱ እንደሚለይ ሁሉም ያውቃል። የእህታቸው ልጅ በመሥሪያ ቤቷ ብዙ ዓይነት መቆለፊያ አይታለች፤ ይህን ግን አላየችም። «ይህን እኔ አላስብም ነበር» አለች፣ ደስ ብሏት።

ቀጥላም የምታውቀውን ነገረቻቸው። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የየራሱ ቃል ይሁን፤ ለኢሜይሉ የሆነው ለባንኩ አይድገም። የማይገናኙ አራት ቃላትን ደርድሩ፤ መቀስና መርፌ ግን አይሁኑ፤ ሰፊ መሆናችሁን ሌባውም ያውቃል። ስልካችሁ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥር እንዲመጣ አድርጉ፤ ያን ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን አትስጡት፣ ከድርጅቱ ነኝ ቢል እንኳ። ቀይሩ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ከደብዳቤው ላይ አትጫኑ፤ አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ እንደሆነ ዝርዝሩን እዩና አስወጡት።

«መጻፍስ? እንረሳዋለን» አለ ኮሌታ።

«ይጻፉት እንጂ። ግን የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ። መስታወት ጀርባ አይደለም።»

ከዚህ በኋላ ጋሽ ሜትሮ ልጅቷም ያልጠየቀቻቸውን አንድ ነገር አደረጉ። ደብተራቸውን ከፍተው ለደንበኞቻቸው በሙሉ፣ አንድ በአንድ፣ በራሳቸው አንደበት ስልክ ደወሉ። «ልክዎ ከእጄ ወጥቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በስሜ መልእክት ቢመጣልዎ አይመኑት፤ እኔ ከፈለግሁዎ እደውላለሁ» ይላሉ። ኮሌታ «ገበያዎን በገዛ እጅዎ ሊዘጉ ነው?» ብሎ ቢለምናቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ሦስት ደንበኞች ተቆጥተው ጨርቃቸውን ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ ግን ያን ዕለት ጠዋት በጋሽ ሜትሮ ስም የመጣላቸውን መልእክት ሊጫኑ ሲሉ ስልኩ እንደደረሰላቸው ነገሯቸው፤ ለልጅ ልጆቻቸውም ሁለት ኮት አዘዙ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱም ቀየሩ። ፎቶዎቹ ከኢሜይል ወጥተው ጠፉ፤ ደብተሮቹ ውሃ በማያስገባ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቆለፉ፤ የሣጥኑ ትርፍ ቁልፍም በየፖስታው ውስጥ አብሮ ተሰፋ፤ በገጾቹም ላይ ከደንበኞቹ ስም ይልቅ ቁጥር ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ በሦስቱ ኢሜይል ላይ ባዕድ እጅ በሩን ሲሞክር ማረጋገጫ ቁጥሩ ወደ ባለቤቶቹ ስልክ እየመጣ አነቃቸው፤ ሌባውም ሳይገባ ቀረ። የተሰፉት ፖስታዎች በየጎረቤቱ ሣጥን ተቀምጠዋል። አንዱ ሰፊ ጉንፋን ጥሎት አራት ቀን ሲቀር ጎረቤቱ ክሩን በጥሶ ሥራውን አስረከበለት፤ የተነሣ ቀንም ሰውየው ቃሉን ቀይሮ አዲስ ፖስታ ሰፋ። መተማመናቸው አልፈረሰም፤ እንዲያውም አሁን ስፌት አለው።

ርዕሰ መምህርቷ ግን አልመጡም። ወላጆቹን ሰብስበው እንደተናገሩ፣ ሌቦቹም ሁለት ጊዜ ዝተው መልስ ሲያጡ ዝም እንዳሉ፣ ጋሽ ሜትሮ ከሰው ሰምተዋል። ጨርቁ ከመደርደሪያው አልወረደም። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር መኪናቸውን ያቆማሉ።

በአምስተኛው ሳምንት ኮቴው መጣ።

ርዕሰ መምህርቷ ገቡና ቦርሳቸውን በርጩማው ላይ አስቀመጡ። በሩ እንደ ድሮው ክፍት ነበር። ጋሽ ሜትሮ መኪናቸውን አቁመው ተነሡ። ሴትየዋ መስታወቱን በእጃቸው አዙረው ጀርባውን አዩ፤ ጠመኔ የለበትም፤ መልሰው አዞሩት።

«እንግዲህ ይለኩኝ» አሉ። «የድሮውን ደብተር አያምጡ። እንደ አዲስ።»

ጋሽ ሜትሮ በሩን ዘጉት፤ ማጠፊያዋ ዘይት ተቀብታለች፤ አልጮኸችም። ሜትሮውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ስፖንጁ ይግባ ወይስ...?»

«ይግባ እንጂ። ሌባ ስላወቀው ልተወው? ባወጣው እኔ ነኝ የማወጣው፣ ደስ ባለኝ ቀን።»

ከግራው ወደ ቀኙ ለኩ፤ ደግመው ለኩ። ከዚያ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ከርዕሰ መምህርቷ ጆሮ በቀር ሌላ እንዳይሰማው ዝቅ አድርገው፣

«ሦስት ጣት ተኩል ሆኗል» አሉ።

ርዕሰ መምህርቷ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን ቀና ብለው አዩ። ለአምስት ሳምንት ያልታየ ሳቅ ከንፈራቸው ላይ መጣ።

«ሌቦቹ እጅ ያለው ታዲያ አሮጌው ልክ ነዋ።»

«አሮጌው ነው» አሉ ጋሽ ሜትሮ፣ እርሳሳቸውን አንሥተው። «እንግዲህ እነሱ ይስፉበት።»